ደብተሩን ማን ወሰደው?

ታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም ዓርብ ነበር። ለገና አራት ቀን ቀርቶታል። ለምሳ ቤት ስገባ እማዬ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ቴሌቪዥኑ አልጀዚራ ላይ ነው፣ ድምፁ ጠፍቷል። የተቃጠለ መኪና ደጋግሞ ያሳያል። ከዚያ ጺማቸው የሸበተ የአንድ ሰውዬ ፎቶ ይመጣል።

«እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?» አለችኝ።

«የኢራን ጄኔራል ናቸው እማዬ። ቃሲም ሱሌይማኒ ይባላሉ። ሌሊት ባግዳድ ኤርፖርት አጠገብ አሜሪካ በድሮን ገደለቻቸው።»

«የኢራን ሰው ከሆኑ ባግዳድ ምን ይሠራሉ?»

ቁጭ ብዬ እንደሚገባት አድርጌ ለማስረዳት ሞከርኩ። የኢራን አብዮታዊ ዘብ የሚባል ጦር አለ። ከአገር ውጭ የሚሠራው ክንፉ ቁድስ ኃይል ይባላል። ሰውዬው ለሃያ ዓመት ያህል መርተውታል። ሊባኖስ፣ ሶርያ፣ ኢራቅና የመን ውስጥ ካሉ ታጣቂዎች ጋር የሚያገናኙት፣ መሣሪያና ገንዘብ እንዲደርሳቸው የሚያደርጉት፣ ግንባር ድረስ ሄደው የሚያማክሩት እሳቸው ነበሩ። ኢራን ብዙውን ውጊያ የምትዋጋው በራሷ ልጆች ሳይሆን በነዚያ አገሮች ልጆች ነው አልኳት።

እማዬ ምስር መልቀሟን አቆመች።

«እንደኛ ደባል ማለት ናቸዋ» አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ «ደብተሩን ማን ወሰደው ታዲያ?»

ምሳዬን በልቼ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ሄደ። በዚያን ሳምንት በዓለም ላይ ያለ ተንታኝ ሁሉ ስለ ሚሳይል፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ያወራ ነበር። እማዬ የጠየቀችውን የጠየቀ ግን አልሰማሁም። እነሆ ስንት ዓመት ሆነው፣ እኔም አልተውኩትም።

አዴር

ደባል የሚለውን ቃል የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። በደርግ ጊዜ ትርፍ ቤት ተወርሷል። ቤት ማከራየት ክልክል ነው። ኑሮ ግን ኑሮ ነውና አንድ ክፍል የተረፈው ሰው ደባል ያስገባል። ቀበሌው ያያል፣ ዝም ይላል።

እኛ ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ ነበርን። አባዬ ባቡር ድርጅት ይሠራ ነበር። ከጓሮ አንዲት ክፍል ነበረችን። በ1978 ዓ.ም አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሶማሌ ሰውዬ ገቡባት። ያመጣቸው ሰው ለአባዬ «እንግዳ ናቸው፣ ከላይም ይታወቃል» ብቻ አለው። አባዬም ሌላ አልጠየቀም።

አዴር ነበር የምንላቸው። በሶማልኛ አጎት እንደማለት ነው። ሶማሌ ሽማግሌ ልጁንም መልሶ «አዴር» ይለዋል። ስለዚህ እኔ «አዴር» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም «አዴር» ይሉኛል። ስማቸውን ሳላውቅ ሁለት ዓመት አንድ ግቢ ኖርን። ሙዝ ግዛ ብለው ይልኩኛል፤ ፓስታቸውን ያለ ሙዝ አይበሉም። ማታ ማታ ትንሿን ራዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የቢቢሲን ሶማልኛ ያዳምጣሉ። ጫማቸውን በየቀኑ ራሳቸው ይጠርጋሉ። በዚያ አቧራ አንድ ቀን እንኳ ቆሽሾ አላየሁትም።

ደብተር ነበራቸው። እኔ ትምህርት ቤት ይዤው የምሄደው ዓይነት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው፤ ከጀርባው የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት። ሲመሽ ወጣት ልጆች ሁለትም ሦስትም ሆነው ይመጣሉ። ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ። እማዬ ሻይ ታስገባለች። ድሬ ተወልዶ የገበያ ሶማልኛ የማይሰማ የለምና የሚባባሉትን በከፊል ትረዳ ነበር። ስለ ጥይት ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም። አዴር ደብተሩን ገልጠው ልጁን ይጠይቁታል። እናትህ ዓይኗ ዳነላት? ታናሽህ የት ደረሰ? ግመሏ ተገኘች? ልጁ ይመልሳል፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ልጁ ሲወጣ ቁመቱ የጨመረ ይመስላል ትላለች እማዬ።

እኔ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ1981 ለንደን ላይ ተቋቋመ፤ በዓመቱ ዋና ጽሕፈት ቤቱን ወደ ድሬዳዋ አዛወረ። አዎ፣ ወደዚችው ድሬ። የሶማሊያውን መሪ ዚያድ ባሬን ለመጣል ከኢትዮጵያ ምድር እየተነሳ ድንበር አቋርጦ ይመታ ነበር። የጦር ክንፉን ያንቀሳቅሱ የነበሩት በአብዛኛው ከዚያድ ጦር የወጡ መኮንኖች ናቸው። እኛ ልጆቹ ኳስ የምንራገጥበት መንደር የአንድ ጦርነት ጓዳ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ እውነቱ ጎደሎ ይሆናል። ከዚያ ቀደም ብሎ ይሄንኑ ሥራ በኛ ላይ የሠራው ዚያድ ባሬ ነው። የምዕራብ ሶማሌ ነጻ አውጪ ግንባርን አስታጥቆ ላከብን። መደበኛ ጦሩ ኦጋዴን ገብቶ ጅጅጋን ይዞ እንኳ ሞቃዲሾ «የኛ ወታደር የለም፣ ነጻ አውጪዎቹ ናቸው የሚዋጉት» ትል ነበር። ነሐሴ 1969 ዓ.ም ድሬዳዋ ስትደበደብ አባዬ ለጥበቃ ሥራ ቦታው ላይ ነበር። ስለዚያ ቀን ብዙ አያወራም።

አንድ ማታ ግን እሱና አዴር በረንዳ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። አባዬ ድንገት፣ «ነሐሴ ስልሳ ዘጠኝ ላይ የት ነበሩ?» አላቸው። አዴር ብርጭቆውን አስቀመጡ። ቆዩ። «ቅርብ ነበርኩ» አሉ። እማዬ በሩ ጋ ቆማ ትሰማለች። አባዬ ዝም ብሎ ሻዩን እንደገና ቀዳላቸው።

ሻለቃው የቀሩ ጊዜ

ከሐረር የሚመጡ አንድ ሻለቃ ነበሩ። የአንደኛው አብዮታዊ ሠራዊት መምሪያ ሐረር ነበር። በየሁለት ሳምንቱ በላንድሮቨር ይመጣሉ። ሶማልኛ እንደ ውኃ ይጠጡታል። ከአዴር ጋር ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ልጆቹንም በስም ይጠሯቸዋል። የንቅናቄውን ሰዎች ከመንግሥት ጋር የሚያገናኘው ክር እሳቸው ነበሩ። እማዬ «ሚኒስትር መጥቶ አያውቅም፤ ወረቀት መጥቶ አያውቅም፤ የመጡት ሻለቃው ናቸው» ትላለች።

በ1980 መጋቢት ሰሜን ላይ፣ ኤርትራ ውስጥ፣ የመንግሥት ጦር አፍአበት ላይ ተሰበረ። መንግሥት ምሥራቅ ያለውን ጦር ወደዚያ ማንሳት ፈለገ። ዚያድም በበኩሉ ተዳክሟል። መንግሥቱ ኃይለማርያምና ዚያድ ሁለቱም ወታደሮች ናቸው፤ አንዱ ኮሎኔል፣ አንዱ ጄኔራል። ከሁለት ዓመት በፊት ጅቡቲ ላይ ተገናኝተው ንግግር ጀምረው ነበር። መጋቢት መጨረሻ ላይ ተፈራረሙ። አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳት ያቁም፣ ጦር ከድንበር ይራቅ፣ እስረኛ ይለዋወጡ ተባለ። ራዲዮኑ የሰላም ዜና አለው። አባዬም ደስ ብሎት ነበር። ማን ሰላም ይጠላል?

ሻለቃው ከዚያ ወዲህ አንዴ ብቻ መጡ። በሲቪል ልብስ፣ ብቻቸውን፣ በእግር። አዴር ክፍል ገብተው ትንሽ ቆዩ። የቀረበላቸውን ሻይ አልጠጡም። ሲወጡ የግቢውን በር ይዘው ረጅም ጊዜ ቆሙ። እማዬ «ምነው ሻለቃ፣ አመመዎት?» አለቻቸው። «ደህና ነኝ እህቴ» ብለው ሄዱ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር ትላለች። ዳግም አላየናቸውም።

እኔ ደጋግሜ የምመለሰው እዚህች በር ላይ ነው። መንግሥት አንድን ታጣቂ ቡድን የሚረዳው በጀት መድቦ፣ መሣሪያ ቆጥሮ ነው ብለን እናስባለን። ልክ ነው፣ ያም አለ። ግን አንድ ልጅ በማያውቀው አገር ጓሮ ውስጥ ተቀምጦ ሕይወቱን ለመስጠት የሚስማማው ለበጀት ብሎ አይደለም። «እኔ አለሁ» የሚለው ሰው ሲያገኝ ነው። ያ ሰው መኮንን ነው። ቃሉን የሚሰጠው በራሱ አፍ ነው፤ ቃሉን የሚሽረው ግን ሌላ ነው፣ ሩቅ ያለ ቢሮ። ሻለቃው ሁለት ዓመት ሙሉ የሰጡት ቃል በአንድ ፊርማ ሲሰረዝ ለአዴር መጥቶ የመናገር ዕዳው የሳቸው ሆነ። ሌላ ሰው አልመጣም። ሊቀሩም ይችሉ ነበር። መጡ። ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ግንቦት ላይ አንድ ሌሊት መብራቱን ያጠፋ ካሚዮን በር ላይ ቆመ። አዴር እማዬን ቀስቅሰው 45 ብር ሰጧት። የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ፣ በወር 15 ብር። እማዬ «ሲመለሱ ይሰጡኛል» ብላ እንቢ አለች። «እኔ አልመለስ ይሆናል» አሏት። «ከልጆቹ አንዱ ቆስሎ ቢመጣ ግን መግቢያ አይጣ። ክፍሏን እስከ መስከረም ለሰው እንዳትሰጪብኝ። አደራ።» ራዲዮኑን ለኔ ተዉልኝ። ደብተሩን ኮታቸው ውስጥ ከተቱ።

ከዚያ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከኢትዮጵያ ውጡ የተባሉት የንቅናቄው ተዋጊዎች ወደ ኋላ ከመቅረት ወደፊት መሄድን መረጡ። ግንቦት 19 ቡርኦን፣ በአራተኛው ቀን ሀርጌሳን መቱ። የዚያድ አየር ኃይል ከሀርጌሳ ኤርፖርት እየተነሳ እዚያው ሀርጌሳን ደበደበ። ከተማዋ ፈራረሰች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በእግሩ ወደኛ አገር ፈለሰ። ከጅጅጋ ወዲያ ያለችው ሐርቲሼክ ከ200 ሺህ በላይ ሰው የሰፈረባት፣ በዘመኑ በዓለም ትልቁ የስደተኛ ጣቢያ ሆነች። ሰላም ያመጣል የተባለው ስምምነት በሁለት ወር ውስጥ ይሄን አመጣ። እማዬ ክፍሏን ጠርጋ፣ አንሶላ አንጥፋ እስከ መስከረም ጠበቀች። ማንም አልመጣም።

በሰው እጅ

«በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ ይለካል» ይባላል። እጁን የሚያስገባው ሌላ፣ ጥልቀቱን የሚያውቀው ሌላ። ከዚያ ዓርብ በኋላ ስለ ሱሌይማኒ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ይቺው አባባል ናት የምትመጣብኝ። ግን ሳነብ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። ታሪካቸው የተጀመረው ልክ እንደኛ ጓሮ ነው።

ከርማን ከሚባል አውራጃ የመጡ የድሃ ገበሬ ልጅ ናቸው። ወደ አብዮታዊ ዘብ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በዓመቱ የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ፈነዳ። ስምንት ዓመት ተዋጉ፤ ክፍለ ጦር መሩ። በዚያ ጦርነት ጊዜ ኢራን የሳዳም ሁሴንን ተቃዋሚዎች ታስተናግድ ነበር። ባድር የሚባለውን ጦር ከነዚያ ስደተኛ ኢራቃውያን አቋቋመች። ማለትም የጠላት አገር ሰዎች ጓሮዋ ውስጥ ደባል ነበሩ። ጦርነቱ የቆመው በኛ ነሐሴ 1980 ነው። እማዬ አልጋ አንጥፋ በምትጠብቅበት ወር ማለት ነው።

እነዚያ ደባሎች ግን አገራቸው የሚገቡበት ቀን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ሳዳምን ስትጥል ተመለሱ። ፓርላማ ገቡ፣ ሚኒስትር ሆኑ። ከሱሌይማኒ ጋር በአንድ መኪና ውስጥ የሞተው አቡ ማህዲ አል ሙሃንዲስ ከነሱ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞሱል ስትወድቅና አይኤስ ወደ ባግዳድ ሲገሰግስ፣ ሐሽድ አል ሻዕቢ የተባለው የታጣቂዎች ጥምረት በፍጥነት የቆመው እንዲህ ዓይነት የቆየ ትውውቅ ስለነበረ ነው። አዲስ ሰው ሂድና አደራጅ ቢባል ምን ያህል ይፈጅበት ነበር? ደብተሩ ግን ለሠላሳ ዓመት ሲጻፍ ኖሯል።

አሁን የእማዬ ጥያቄ ክብደቱ ይታየኛል። ሱሌይማኒ በሞቱበት በዚያው ቀን ቴህራን ምክትላቸውን ኢስማኢል ቃኒን ሾመች። ሹመት በአንድ ቀን ያልቃል። ቃኒ ግን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሠሩት በምሥራቁ በኩል፣ በአፍጋኒስታን ጉዳይ ነው። ወንበሩን ወረሱ። አንድ ቤሩት ያለ ሰው እናቱ ስትታመም ማን እንደጠየቀለት ግን በሹመት ደብዳቤ አይወረስም። ከዚያ በኋላ ኢራቅ ውስጥ ያሉት ቡድኖች እርስ በርስ ሲገፋፉ፣ አንዱ ተኩስ አቁሙ ሲል ሌላው ሲተኩስ ታየ። የኢራን ደጋፊ አይደለሁም። የሰውዬው እጅ ሶርያ ውስጥ ስንት ደም እንዳለበት ሶርያውያን ያውቁታል። እኔ የምለው፣ አገር አንድን ትልቅ ነገር በአንድ ሰው ደረት ኪስ ውስጥ ካስቀመጠች፣ ሰውዬው ሲወድቅ አብሮ የሚወድቀውን አትቆጣጠረውም።

ተቃራኒውም አለ። አዛዡ ሳይሞት መንግሥቱ ራሱ ደብተሩን ሲቀማስ? ኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍን አስታውሱ። በኦጋዴኑ ጦርነት በዚያድ በኩል የተዋጉ መኮንን ናቸው። በ1970 ዓ.ም መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸውና መጨረሻቸው ኢትዮጵያ ሆነ። የመጀመሪያውን የዚያድ ተቃዋሚ ጦር እዚህ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1982 ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ሆነው የድንበር ከተሞቹን ባላንባሌንና ገልዶጎብን ያዙ። ከዚያ ጠቡ መጣ። ከተሞቹ የማን ናቸው? ኮሎኔሉ «የሶማሊያ ናቸው» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 አዲስ አበባ አሰረቻቸው። የተፈቱት ደርግ ሲወድቅ ነው። ጦራቸውም ያለ እሳቸው ተበተነ። ያ ሁሉ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2004 የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በ1999 ዓ.ም የኢትዮጵያ ጦር ወደ ሞቃዲሾ የገባው የሳቸውን መንግሥት ለመደገፍ ነበር። ስድስት ዓመት ያሰረቻቸው አገር ማለት ነው። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። በዚህ ሥራ ውስጥ ወዳጅና ጠላት የሚባለው ነገር የክረምት ደመና ነው።

የአዴር ሰዎች ግን እንደዚያ አልተበተኑም። ለምን? እኔ የደረስኩበት፣ ደብተሩ የራሳቸው ስለነበረ ነው። ብሩ በብዛት የሚመጣው ከራሳቸው ሕዝብና ውጭ ካለው ዘመዳቸው ነበር። ሽማግሌዎቻቸው ከኋላ ነበሩ። ኢትዮጵያ ቦታና መሣሪያ ሰጠች፤ ልጆቹን ግን እሷ አልወለደቻቸውም። ስለዚህ በፊርማ ልታቆማቸው አልቻለችም። ሁለቱ ፈራሚዎች በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ወደቁ። ዚያድ በ1983 ጥር ከሞቃዲሾ ሸሹ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ንቅናቄው ሶማሌላንድን ያወጀው ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው።

ይሄ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። እኔ ትራንዚተር ነኝ፤ የምኖረው ከጅቡቲ በሚመጣ ኮንቴነር ነው። ከ2016 ኅዳር ጀምሮ የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ሲመቱ፣ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ደቡብ አፍሪካን ዞረው መሄድ ጀመሩ። ደረቅ ወደብ ሄጄ ስለ ደንበኛዬ ዕቃ ስጠይቅ «ገና ነው» ነበር መልሱ። አንዱ ደንበኛዬ ቀፊራ ሱቅ ያለው ሰው ነው። መለዋወጫ በዱቤ ያስመጣል። «አቦ፣ እኔ ከኢራን ጋር ምን አለኝ?» አለኝ። ምንም የለውም። ሁቲዎችም ቢሆኑ ከቴህራን መሣሪያ ያገኛሉ እንጂ ቴህራን ጣቷን ስታነሳ የሚነሱ አይደሉም፤ የራሳቸው መሬት፣ የራሳቸው ጦርነት፣ የራሳቸው ደብተር አላቸው። መሣሪያ የሰጠ መንግሥት ነገ «በቃ» ሲል የሚሰማው አለ ወይ? የኔ ልጅነት የሰጠኝ መልስ፣ ላይኖር ይችላል የሚል ነው።

በዚያ በ2012 ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። ገና ዕለት ዶሮ ወጥ እየበላን ሳለ ከርማን ላይ በሱሌይማኒ ቀብር ግፊያ ተፈጥሮ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። በማግስቱ ኢራን በአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ላይ ሚሳይል ተኩሳ የአጸፋ ጥቃት ስትጠብቅ፣ ቴህራን ላይ የተነሳ የዩክሬን መንገደኛ አውሮፕላን በራሷ አየር መከላከያ ተመታ። 176 ሰው። ተማሪዎች፣ ሙሽሮች፣ ሕፃናት። የማንም ደብተር ላይ የሉም።

ቆርቆሮው

ዓርቡ ማታ ከሥራ ስመለስ እማዬ የኒዶ ቆርቆሮ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። አይቼው አላውቅም ነበር። ከፈተችው። 45 ብር፣ የደርግ ዘመን ኖት፣ በጎማ ታስሮ። «የአዴር ነው» አለች።

«ኪራይ አይደል እንዴ እማዬ? የከፈሉሽ ነው'ኮ።»

«ማን ተኛበትና ነው ኪራይ የሚሆነው?»

ሠላሳ ሁለት ዓመት አስቀምጣዋለች። አባዬ ጡረታ ወጥቶ፣ ታሞ፣ ሞቶ፣ እጅ ሲያጥረን አልነካችውም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ትላለች። ብሩ ከተቀየረ ዘመን የለውም፣ ዛሬ አንድ ሙዝ አይገዛም። ይሄን ነገርኳት። «እኔ የሙዝ መግዣ አላልኩህም፤ ለባለቤቱ አድርስ ነው የምልህ» አለች።

በ2016 የካቲት ለሥራ ሀርጌሳ የምሄድበት ጉዳይ ተገኘ። የአንድ ደንበኛ ዕቃ በበርበራ በኩል ሊገባ ነበር። ቆርቆሮውን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቶጎ ውጫሌ ላይ ፈታሹ ከፍቶ አየው፣ ኖቱን አገላብጦ ሳቀና መለሰልኝ።

ሀርጌሳ መሐል ከተማ ላይ ከተማዋን የደበደበችው ዓይነት ሚግ አውሮፕላን ከፍ ባለ መደብ ላይ ተሰቅላለች። ከፊት ለፊቷ ብር መንዛሪዎች የሶማሌላንድ ሽልንግ እንደ ጡብ ደርድረው ይቀመጣሉ። አጠገቡ ሻይ ቤት ገባሁ። አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ድሬዳዋ ስላቸው በአማርኛ «የት ሰፈር?» አሉኝ። ደነገጥኩ። አምስት ዓመት ኖረውባታል። ደቻቱን፣ ከዚራን፣ የአሸዋን ገበያ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የድሮው ባቡር መቆሙን ስነግራቸው አዘኑ።

አዴርን ነገርኳቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫማ የሚጠርጉ፣ ለገሀሬ የነበሩ። ስማቸውን ጠየቁኝ። አዴር ከማለት ሌላ ምን አለኝ? ወደ መንገዱ አሳዩኝ። «ያ የሚያልፈው አዴር ነው። ብር የሚቆጥረውም አዴር ነው። እኔም አዴር ነኝ።»

«ደብተር ነበራቸው» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ልክ አዴር በረንዳችን ላይ እንዳስቀመጡት ነው ያስቀመጡት። «ሁላችንም አዛዦቹ ነበረን» አሉኝ። ልጁ ሲመጣ የእናቱን ስም፣ የምትኖርበትን፣ ዘመዷን ይጽፋሉ። ሲሞት ከጎኑ ምልክት ያደርጋሉ። ጦርነቱ ሲያልቅ ደብተር ያለው ሰው ደብተሩን ይዞ በየቤቱ ሄደ። እሳቸው አርባ አንድ ቤት ሄደዋል። ሐርቲሼክ ድረስ በእግር። አንዳንዷ እናት ከሩቅ ደብተሩን ስታይ ታውቃለች፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጧት። «ሞት ለመናገር ነበር'ኮ የጻፍነው» አሉኝ።

ቆርቆሮውን አሳየኋቸው። ቢወስዱልኝ፣ ለማን እንደሚሰጡ እሳቸው ቢያውቁልኝ ብዬ ነበር። ሁለት እጃቸውን አነሱ። «የኔ አደራ አይደለም፣ አልይዝም። ለእናትህ መልስላት። ክፍሏን እስከ መስከረም ማቆየቷን ግን ለሰው እነግራለሁ» አሉ።

ድሬ የገባሁት በማግስቱ ማታ ነው። እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አገኘሃቸው?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ሽማግሌው ያሉትን ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያኔ ሻይ ይዛ ስትገባ የምትሰማው የእናት ወሬ ሁሉ ለምን ይጻፍ እንደነበር ያን ሌሊት ገባት መሰለኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመረች። ጥርሱ ፍንጭት የሆነውን። ሻይ ሲጠጣ ስኳር አራት የሚያደርገውን። እናቱ ዓይኗን የሚያማትን።

ከዚያ ብሩን ቆጠረችው። 45። በጎማው አሰረችው፣ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችው።

«የኢራኑ ሰውዬስ» አለችኝ፣ «ለነዚያ ልጆች እናቶች ማን ሄዶ ነገራቸው?»